ከቤት እስከ ሱቅ መቶ አሥራ አራት እርምጃ

አጎቴ በሕይወቱ ያወጣው አንድ ሕግ ብቻ ነው። ድፍን መስመር ይቆረጣል፤ ሰረዝ ሰረዝ ያለ መስመር ይሰፋል። በቃ። የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው። ሌዘሩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና በጠመኔ ያሰምርበታል፤ ከዚያ ለእኔ ያቀብለኛል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ «ጋሼ፣ ምን ላድርገው?» ብዬው አላውቅም። መስመሩን ማየት ይበቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ሌዘሩን ያለቦታው ሰፋሁት። ደንግጬ ተረተርኩትና ምንም እንዳልተፈጠረ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። አጎቴ አነሳው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ በኩል ጭል ጭል ሲል እኔም አየሁት። «ጨርቅ መሰለሽ?» አለኝ። «ጨርቅ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይደበቅልሻል። ሌዘር ግን መርፌ ከነካው ነካው ነው።» ከዚያ ቁራጩን እኔ ከምቀመጥበት ፊት ለፊት ሚስማር ላይ ሰቀለው። አንድ ዓመት ሙሉ እያፈጠጠብኝ ሠራሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አይሳደብም፣ አይማታም፣ ብቻ ጥፋትህን ግድግዳ ላይ ይሰቅልልሃል።

ሰፈርተኛው ጋሽ ሜትር ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሆስፒታል ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ አብሮት ይሄዳል። ስንት ነገር ለካ መሰላችሁ! የጎረቤት በር፣ የሰው ቁምሳጥን፣ ሁለት ጎረቤታሞች ዱላ ቀረሽ ጠብ የተጣሉበትን አጥር። አዋቂ ነው መባል ይወዳል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ያውቃልም።

ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዓይኗ ጠፋ። በአንድ ቀን አልነበረም፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመባት፣ ቆይቶ መሐሉ። ቤታቸው ከሱቁ ማዶ ነው፤ መንገዱን ተሻግሮ፣ በጠባቧ መግቢያ ገባ ብሎ። መቶ አሥራ አራት እርምጃ። በልቧ ቆጥራ ትመጣለች፣ በልቧ ቆጥራ ትመለሳለች። እጇን የሚይዛት ሰው ካለ ቁጣዋ አይጣል ነው፤ «ቁጥሬን ታጠፋብኛለህ፣ ልቀቀኝ!» ትላለች።

ሱቅ ስትመጣም ለጨዋታ አይደለም። እኔ የሰፋሁትን ሁሉ በጣቷ ትፈትሻለች። ከበሩ ሥር በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትልና ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳስሰዋለች፤ አንድ ስፌት ከዘለለ ጣቷ እዚያው ቀጥ ይላል። «እዚህ ጋ ምን እያሰብሽ ነበር?» ትለኛለች። እንግዲህ ባል በመስኮት፣ ሚስት በጣት፤ እኔ በመሐላቸው መግቢያ አጥቼ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩት።

ዕቅዱ የመጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። በሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ካርታዎች በእንጨት ፍሬም ተሰቀሉ። ከላይ «የከተማችን የሃያ አምስት ዓመት የትራንስፖርት ዕቅድ፣ ለሕዝብ ውይይት የቀረበ» ይላል። አንደኛው አማራጭ ሀ ነው፣ ሁለተኛው አማራጭ ለ። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውይይት አለ፤ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ተናጋሪ ይምረጥ ተባለ። ሕዝቡ ካርታው ፊት ተኮለኮለ። አንዱ ቤቱን ይፈልጋል፣ ሌላው ወንዙን መንገድ ነው ብሎ ይከራከራል። ባለ ፋርማሲዋ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ ራሷን ይዛ ቆመች።

«እኔ እንጃ፣ ዞረብኝ» አለች። «ጋሽ ሜትርን ጥሩልኝ። እሱ ከመስመር ጋር ነው የኖረው።»

አጎቴ ተጠርቶ መጣ። መነጽሩን አጠለቀ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ካርታ ሀን አየ፣ ካርታ ለን አየ፣ ተመልሶ ሀን አየ። ካርታ ሀ ላይ በእኛ ሱቅና በእነ አጎቴ ቤት መሐል ድፍን ጥቁር መስመር አለ። ካርታ ለ ላይ ድፍኑ ጠፍቶ፣ በዚያው በኩል ሰረዝ ሰረዝ ያለ ቀይ መስመር ያልፋል።

«ግልጽ ነው» አለ አጎቴ። «ሀ ከመጣ በእኛ ላይ መቀስ መጣብን። ድፍን ነው፣ ይቆርጠናል። ለ ግን ሰረዝ ሰረዝ ነው፤ ግራና ቀኙን ያያይዛል እንጂ አይነካንም።»

እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ካርታውን በሁለት ዓይኖቼ አይቼ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ያለ አልመሰለኝም። የካርታውን ማብራሪያ ማን ፈለገው? ማንም። ቢፈለግም አይገኝም ነበር፤ የት እንደነበር በኋላ እነግራችኋለሁ። በዚያው ዕለት አርባ ሦስት አባወራና እማወራ አማራጭ ለን ደግፎ ፈረመ። ተናጋሪያችን ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ እንዲያ ያለ ውይይት አይቼ አላውቅም። ዕቅዱን ያወጣችው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ በመልካም አንደበት ስለ ኮሪደር አስረዳች፣ ስለ ምዕራፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አስረዳች። እኔ የማውቀው ኮሪደር የሆስፒታሉን ነው፤ ከተማ እንዴት ኮሪደር እንደሚኖረው እስኪገባኝ እሷ ምዕራፍ ሦስት ደርሳለች። አንድ ሰው ስለ ባቡር ተጠይቆ ስለ ውሃ ቧንቧ መለሰ፤ ተጨበጨበለት። ሌላው የአውቶቡስ ወንበር ጠበበ ብሎ ጀምሮ ስለ ልጁ ውጤት ጨረሰ። አንዲት እናት «ለመሆኑ ይኼ ነገር ተሠርቷል ወይስ ሊሠራ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሰብሳቢው ጥያቄውን መዝግበናል አላት። ከፊት ያሉት ሀ ሲሉ ከኋላ ያሉት ለ ይላሉ፤ መሐል ያለነው ደግሞ ለጨበጨበ ሁሉ እናጨበጭባለን።

የአጎቴ ተራ ደረሰ። ኮቱን ቆልፎ፣ ሜትሩን አስተካክሎ ተነሳ።

«ሰፈራችን አማራጭ ለን በአንድ ድምፅ ይደግፋል» አለ። «ጊዜ አንፈጅም። አመሰግናለሁ።»

ባለሙያዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። «ይቅርታ አባባ፣ ከየትኛው ሰፈር ነው የመጡት?»

ነገራት። ካርታዋን አየች፣ እሱን አየች። «እርግጠኛ ነዎት? ካርታውን በደንብ አይታችሁታል?»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን አሳያት፣ የተባለውን ጻፈች። ያን ፊቷን ያኔ ልብ ብለው ኖሮ! እኔ ግን በአጎቴ ኮርቼ አንገቴ ረዝሞ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሱቅ ተሰብስበን ስለ ውይይቱ ለእትዬ እንተርክላታለን። ትንሽ ሰማችንና «ይኼ ስንት ሰው የተጯጯኸበት ካርታ እኔ ሳላየው ሊቀር ነው?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ካርታ ለን በስስ ወረቀት ገለበጠ፤ ተመልሶ ከአውቶቡስ ወንበር የተረፈ ጥቁር ሌዘር አወጣና ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ሥራ አቁሞ ካርታውን ሰፋላት። ድፍን መስመሮቹን በወፍራም ክር ደጋግሞ፣ ሰረዝ ሰረዙን በቀጭን ክር ራቅ ራቅ አድርጎ። ቤታቸውን በአንድ የኮት ቁልፍ፣ ሱቁን በሌላ ቁልፍ ምልክት አደረገበት። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ የተጠነቀቀለት ወንበር አላየሁም። ጨርሶ አቀበላት።

እትዬ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጣቷ በወፍራሙ ላይ ሄደ።

«ይኼ የፋርማሲው መንገድ ነው።»

«ጎሽ!» አለ አጎቴ፣ ደስ ብሎት።

«ይኼ የትምህርት ቤቱ። ይኼ ደግሞ ወደ ገበያው የሚወርደው፤ እዚህ ጋ ቁልቁለት አለ።» ጣቷን መልሳ በሁሉም ላይ አስኬደች። «አንተ፣ እነዚህን ሁሉ በእግሬ አውቃቸዋለሁ። ያሉ መንገዶች ናቸው።»

«ታዲያስ።»

«ድፍን ይቆረጣል አላልክም? ያለውን መንገድ በሙሉ ከቆረጡት ሰው በምን ሊሄድ ነው?»

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። እኔም እጄ ላይ የነበረውን መቀስ አስቀመጥኩ። የእትዬ ጣት ወደ ቀጭኑ ስፌት ተሻገረ። ከቤቱ ቁልፍ አጠገብ ጀመረ፣ በሱቁ ቁልፍ ላይ ወጣ፣ ቀጠለ።

«ይኼስ?»

«እሱማ የእኛው መንገድ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ቀንሷል። «በሱቁና በቤቱ መሐል ያለው።»

«አይደለም። የእኛ መንገድ ፋርማሲው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ይኼ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። በሱቁ ላይ ወጥቶ በፋርማሲው ጓሮ ያልፋል።» ጣቷን አነሳች። «እኔ በዚህ ሄጄ አላውቅም። እንዲህ ያለ መንገድ አለ?»

«የለም» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው።

«ከሌለ ካርታ ላይ ምን ይሠራል? ሊሠሩት ካላሰቡ በቀር?»

አጎቴ መጀመሪያ ተቆጣ። ካርታ ማለት እንዲህ ነው፣ መስመር ማለት እንዲያ ነው፣ ከራሷ ከባለሙያዋ ጋር ነው የተነጋገርኩት አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ሌዘሩን ወደ መስኮት ወሰደው፣ መለሰው፣ እንደገና ወሰደው። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሰውየውን በዚያ ሁኔታ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ዘበኛው ፍሬሙን ከሚስማሩ አወረደልንና ገለበጠው። ጉዳችንን ያኔ አየን። ካርታው ከፍሬሙ ይረዝማል፤ አስገቢው ሰው አልገባ ሲለው ግርጌውን አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ አጥፎታል። ማብራሪያው እዚያ እጥፋት ውስጥ ተኝቷል። ድፍን መስመር፦ ነባር መንገድ። ሰረዝ ሰረዝ መስመር፦ ሊሠራ የታቀደ መንገድ፣ ስፋቱ ሠላሳ ሜትር።

አጎቴ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋው። ምን ሊለካ እንደሆነ ግን እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ሠላሳ ሜትር ማለት ሱቃችን ማለት ነው። ፋርማሲውም ማለት ነው። ከሱቁ ማዶ ቤቱ ይቀራል፤ መሐል ላይ ደግሞ መኪና የሚበርበት ሰፊ ጎዳና። ሰፈሩ አርባ ሦስት ፊርማ ፈርሞ በገዛ እጁ የጠየቀው ይህን ነው። አጎቴ ወንድ ልጅ ያጠፋውን መደበቅ የለበትም ብሎ ከበር በር ዞሮ ነገራቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰደበ፣ አንዳንዱ የፈረመው ለሀ ይሁን ለለ ረስቶት እንደገና ይጠይቃል። ባለ ፋርማሲዋ ግን አለቀሰች።

«እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው፣ ጋሽ ሜትር» አለችው። «ካርታውማ መች ገባኝ!»

የመጨረሻው ውይይት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ከዚያ በኋላ አስተያየት የለም ተብሏል። አጎቴ ሌዘሩን ጠቅልሎ ያዘ፣ እትዬም እሄዳለሁ አለች። ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ቁጥሩን ስለማታውቀው ክርኔን ያዘች።

አጎቴ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው መዝገቡን አገላበጠ።

«የእናንተ ሰፈር ድጋፉን ሰጥቷል» አለ።

«ተሳስቼ ነው። መስመሩን በእኛ ሙያ ነው ያነበብኩት። በእኛ ሙያ ሰረዝ ሰረዝ አይቆረጥም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢው ግራ ተጋባ። «ታዲያ ድጋፉን ይሰርዛሉ ወይስ ተቃውሞ ይጨምራሉ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሰብሳቢው ወደ ባለሙያዋ አየ፣ እሷ ወደ መዝገቡ አየች። ልዩነቱን የሚያውቅ አልተገኘም። ከኋላ አንዱ «ይሰርዝ!» አለ፣ ሌላው «የለም፣ ይጨምር!» አለ፤ ስለ እኛ ሰፈር ምንም የማያውቁ ሰዎች በእኛ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ተንጫጩ። አጎቴ ቆሞ ቀረ። ያ ማንም ሲያስጨንቀው ያላየሁት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ያኔ እትዬ ተነሳች። ተራዋ አልነበረም፤ ግን ዓይነ ስውር ሴት ተነስታ ስትቆም አዳራሹ ዝም አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች። «ከቤቴ እስከ ባለቤቴ ሱቅ መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ይኼ መንገድ ሲሠራ ስንት ይሆንብኛል?»

ባለሙያዋ ከመድረክ ወረደች። አጎቴ ሌዘሩን ዘረጋላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ የእትዬን ጣት ተከትላ የራሷን ጣት በስፌቱ ላይ አስኬደች።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«እሱ» አለች እትዬ።

«እማማ፣ መሻገሪያው ድልድይ እዚህ ጋ ነው የታሰበው፤ ስለዚህ ዞረው ሲመጡ ወደ ስድስት መቶ...» ቆመች። ጣቷ የሱቁ ቁልፍ ላይ ደርሷል። ቀጭኑ ስፌት የሚያልፈው በቁልፉ ላይ ነው። «ይቅርታ፣ ሱቁ ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

ልጅቷ ሌላ ቁጥር አልጠራችም።

«መቼ ነው የሚሠራው?» አልኳት እኔ።

«ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ሊፈጥንም ይችላል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ጭራሽ ላይሠራም ይችላል። እኔ አላውቅም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ማልቀስ እንዳለብኝ ወይም ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አላወቅሁም። አጎቴ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ አምስት ሲደመርበት ስንት እንደሆነ በልቤ አሰብኩና ተውኩት። ከሁለት ወር በኋላ ቃለ ጉባኤው ያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ አሁን ደህና ፍሬም ተገኝቶለታል፣ ግርጌው ይታያል። ከእኛ ሰፈር አንድ ድጋፍ ከአርባ ሦስት ፊርማ ጋር፣ አንድ ተቃውሞ ያለ ፊርማ፣ ከአንድ ተናጋሪ። ስለ እርምጃ የቀረበ ጥያቄ አንድ፣ ወደፊት የሚታይ። ከሥሩ አማራጭ ለ መመረጡ ተጽፏል።

አጎቴ አንብቦ ሲመለስ ሌዘሩን አወጣና በርጩማ ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። በቀጭን ምላጭ ያን ሰረዝ ሰረዝ መስመር አንድ በአንድ ተረተረው። ክሩን በጣቱ እየለቀመ ጉልበቱ ላይ ሰበሰበ። ሌሎቹን መንገዶች አልነካቸውም። ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠርጎ ለእትዬ አቀበላት።

«እስኪ ዳስሺው» አላት። «ፈታሁት። የለም አሁን።»

እኔ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የነበረው ያ ቁራጬ ትዝ አለኝ። «ጋሼ» ልለው ፈለግሁ፣ ግን ምን ብዬ? እሱ ነው ያስተማረኝ።

እትዬ ከቤቷ ቁልፍ ጀመረች። ጣቷ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ልክ የእኔን ሥራ ስትፈትሽ እንደምታደርገው። ሱቁ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለ።

«ቀዳዳው አለ» አለች።

«አዎ» አለ አጎቴ። «ይቅር በይኝ።»

እሷ ሌዘሩን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇን ላዩ ላይ አደረገች። ውጭ አንድ ሚኒባስ ወንበሩን ሊያሠራ መጥቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ማናችንም አልተነሳንም።

«እኔ የምልህ» አለችው፣ «መቶ አሥራ አራቱን ልያዘው ወይስ ከአሁኑ ልርሳው?»

አጎቴ ለሚጠይቁት ሁሉ መልስ የማያጣ ሰው ነበር። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት።